«ሲንግ» በካናዳ፦ የቤተሰብ ስም እንዲሆን ያልታሰበ ስም

በሐምሌ 2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካናዳን ያነጋገረ አንድ ደብዳቤ ነበር። የወጣው ኒው ዴልሂ ከሚገኘው የካናዳ ከፍተኛ ኮሚሽን ነው፤ የኮመንዌልዝ አገሮች እርስ በርስ ኤምባሲያቸውን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ካልጋሪ የምትኖር አንዲት ሴት ባለቤቷን ከሕንዷ ፑንጃብ ለማምጣት አመልክታ ስትጠብቅ የመጣው መልስ ባልየው ስሙን እንዲለውጥ የሚጠይቅ ሆነ። «ሲንግ» እና «ካውር» ወደ ካናዳ ለመግባት እንደ ቤተሰብ ስም አይበቁም ይላል ደብዳቤው። አመልካቹ ሌላ ስም ጨምሮ፣ ፓስፖርቱን በአዲሱ ስም አውጥቶ መመለስ ነበረበት።

ነገሩ አደባባይ ሲወጣ አሠራሩ አሥር ዓመት ያህል እንደቆየ ታወቀ። የተሰጠው ምክንያት የስሙ መብዛት ነበር፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሺህ መዝገቦች እየተምታቱ ሥራ ያጓትታሉ ተባለ። ከፑንጃብ የተነሣው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት የካናዳ ሲኮች ድርጅቶች ጮኹ፣ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤው በሚገባ አልተጻፈም፣ ስም መጨመር ግዴታ ሆኖ አያውቅም ብሎ አሠራሩን ተወው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ስማቸውን ቀይረው የገቡት ሰዎች ግን የተቀየረውን ስም ይዘው ቀሩ። ልጆቻቸውም በዚያው ተመዘገቡ።

ብዙ ሰው ጉዳዩን የአንድ ቢሮ ስሕተት አድርጎ አልፎታል። በእኔ እምነት ከዚያ የከበደ ነው። ያ ደብዳቤ፣ ጸሐፊዎቹ ሳያውቁት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሰዎች አውቀው የጣሉትን ሸክም መልሶ ትከሻቸው ላይ የጫነ ደብዳቤ ነው። ይህን ለማየት ስሙ ከየት እንደመጣና ካናዳ ውስጥ ምን ምን እንዳለፈ መከተል ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ስሞችን ስርጭት በካርታ እየተከተሉ የሕዝብን ፍልሰት ማጥናት የቆየ ዘዴ ነው። ስሙ የት እንደተከማቸ ይታያል፣ ከየት መንደር እንደተነሣ ይገመታል፣ የሚጠሩበትም ሰዎች የአንድ አካባቢ፣ አንዳንዴም የአንድ ሐረግ ልጆች ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ፓቴል የሚለውን ስም ለያዘ ተመራማሪ ዘዴው ይሠራል፤ ለንደንም ይሁን ኒው ጀርሲ የተገኘ ፓቴል በአብዛኛው ጉጃራት ያደርሰዋል። ሲንግ ላይ ሲደርስ ግን ዘዴው ይከሽፋል። ቫንኩቨር ውስጥ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ሁለት ሲንጎች የሚያገናኛቸው ሥጋ ላይኖር ይችላል። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ወንድምና እኅት ደግሞ አንዱ ሲንግ፣ አንዷ ካውር ይባላሉ። የስሙ ካርታ ዝምድናን አያሳይም። የሚያሳየው የአንድ ቃል ኪዳንን፣ የወታደር ምልመላን፣ የመርከብ መስመርንና የኢሚግሬሽን ቅጽን ታሪክ ነው።

ቃል ኪዳኑ የተገባው በ1699 ነው። በሲኮች ትውፊት በዚያ ዓመት የቫይሳኪ በዓል ዕለት፣ በፑንጃብ አናንድፑር፣ አሥረኛው ጉሩ (የሲኮች መንፈሳዊ መሪ) ጎቢንድ ራይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ሰይፍ መዝዞ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ጠየቀ። አንድ በአንድ አምስት ሰዎች ተነሡ። እነማን እንደሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዳያ ራም ከላሆር የመጣ፣ ከኻትሪ ወገን የሆነ ሰው ነበር። ዳራም ዳስ ከጃት ገበሬዎች ነው። ሂማት ራይ ከፑሪ የመጣ ውኃ ቀጂ፣ ሞክሃም ቻንድ ከድዋርካ የመጣ የእጅ ባለሙያ፣ ሳሂብ ቻንድ ደግሞ ከደቡብ፣ ከቢዳር የመጣ ፀጉር ላጭ ነበር። በዘመኑ የካስት (በውልደት የሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ) ሥርዓት አንዱ ከሌላው እጅ ውኃ የማይቀበል ሰዎች ናቸው። ጉሩው አምስቱንም ከአንድ ሳህን አጠጣቸው፤ አምስቱም ሲንግ ተባሉ። ከዚያ ተንበርክኮ እነርሱ እንዲያጠጡት ጠየቀ፤ ራሱም ጎቢንድ ሲንግ ሆነ።

ሲንግ አንበሳ ማለት ነው። እስከዚያ ጊዜ በይበልጥ የራጅፑት መሳፍንትና ተዋጊዎች የሚጠሩበት ስም ነበር። ውኃ ቀጂውና ፀጉር ላጩ የመሳፍንቱን ስም ወሰዱ ማለት ነው። ሴቶቹ ካውር ይባላሉ፤ ሲያገቡም ወደ ባላቸው ስም አይዞሩም። ሕንድ ውስጥ የሰውን የመጨረሻ ስም መስማት ብዙ ጊዜ ካስቱን መስማት ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ስም ሲጠራ ጆሮ የሚለይበት ነገር ያጣል። የስሙ መብዛት፣ ማለትም ኒው ዴልሂ የተቀመጡትን ሠራተኞች ያማረረው ነገር፣ ስሙ የተሰጠበት ዓላማ ነው።

በእርግጥ ዓላማው ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። ጊል፣ ሲዱ፣ ግሬዋል፣ ዳሊዋል፣ ብራር፣ ሳንዱ የሚባሉት የጎሳ ስሞች አልጠፉም፤ ጋብቻ ሲታሰብ፣ መሬት ሲከፈል ይነሡ ነበር፣ አሁንም ይነሣሉ። እነዚህ ስሞች ፑንጃብ ውስጥ ለሚሰማቸው ሰው ባለቤቱ ከባለ መሬቶቹ ከጃቶች ይሁን ከእጅ ባለሙያዎቹ ወገን ይነግሩታል። በአደባባይ፣ በጸሎት ቤቱና በጦር ሜዳው ግን ሲንግ በቂ ነበር። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ከያዙ በኋላ ደግሞ ስሙን ያስፋፋው የጦር ሠራዊቱ ሆነ። ለሲክ ጦር ክፍሎች የሚመለመል ወጣት ፀጉሩን ያልተቆረጠ፣ ጥምጥም ያሠረ፣ ካልሳ የሚባለውን የጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ማኅበር ሥርዓት የፈጸመ እንዲሆን ይፈለግ ነበርና፣ ደመወዝና ጡረታ ፈልጎ የመጣ የገበሬ ልጅ ሁሉ ሲንግ ሆኖ ይመዘገብ ነበር።

ካናዳን ለፑንጃብ ያስተዋወቁትም ወታደሮች ናቸው። በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ ለንደን የሄዱ ሲኮች ሲመለሱ በካናዳ ምድር እንዳለፉ ይነገራል፤ በ1902 ደግሞ ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የሚጓዙ የሲክ ወታደሮች በቫንኩቨር አልፈዋል። ያዩትን ለመንደራቸው አወሩ። ከ1904 እስከ 1908 አምስት ሺህ ያህል ሰዎች ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ገቡ፤ አብዛኞቹ ዶአባ ከሚባለው፣ በቢያስና በሱትሌጅ ወንዞች መካከል ካለው ምድር፣ ከጃላንዳርና ከሆሺያርፑር መንደሮች የተነሡ ናቸው። መሬታቸው በውርስ እየተሸነሸነ ያነሰባቸው፣ ዕዳ ያለባቸው፣ ነገር ግን ለመርከብ ቲኬት የሚሆን ገንዘብ መበደር የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የእንጨት መሰንጠቂያዎችና የባቡር ሐዲድ ሥራ ዋጣቸው።

እዚህ ላይ ስሙ ሌላ መልክ ያዘ። የወደብና የፋብሪካ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የመጀመሪያ ስም፣ አንድ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጨረሻ የተሰማውን በቤተሰብ ስም ቦታ ያሰፍራል። በአንድ መሰንጠቂያ የሚሠሩ መቶ ሰዎች በደመወዝ መዝገቡ ላይ መቶ ሲንጎች ሆኑ። እነርሱ እርስ በርስ አልተምታቱም፤ በመንደር ስም፣ በቅጽል፣ በአባት ስም ይለያያሉ። የተምታታበት መዝገብ ያዡ ነው።

ስሙን እንደ ቤተሰብ ስም ለማቆየት የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ልጅ ነው። ካናዳ ደግሞ ሚስትና ልጅ ከለከለቻቸው። በ1907 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመምረጥ መብታቸውን ነጠቀች። በ1908 የፌዴራሉ መንግሥት ከትውልድ አገሩ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ቲኬት ያልመጣ ሰው አይገባም የሚል ደንብ አወጣ። ከሕንድ በቀጥታ ካናዳ የሚያደርስ የመርከብ ጉዞ እንዳይኖር ተደርጎ ስለነበር ደንቡ ሕንዶችን በስም ሳይጠራ በሩን ዘጋ። እያንዳንዱ ገቢ 200 ዶላር እንዲያሳይም ተጠየቀ፤ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የማይታሰብ ገንዘብ ነበር።

ደንቡን ለመፈተን የተነሣው ጉርዲት ሲንግ የሚባል ነጋዴ ነው። ኮማጋታ ማሩ የተባለችውን የጃፓን መርከብ ተከራይቶ፣ 376 መንገደኞችን ይዞ በግንቦት 1914 ቫንኩቨር ደረሰ። ከመንገደኞቹ 340 ያህሉ ሲኮች ነበሩ፤ ሌሎቹ ሙስሊሞችና ሂንዱዎች ናቸው። ሁለት ወር በወደቡ ላይ ታግተው ቆዩ፤ ውኃና ምግብ አጠራቸው። ቀድሞ የካናዳ ነዋሪ የነበሩ ጥቂቶች ብቻ ሲወርዱ ሌሎቹ ሐምሌ 23 ቀን በጦር መርከብ ታጅበው ተመለሱ። ካልካታ አጠገብ ባጅ ባጅ በተባለው ወደብ ሲደርሱ የእንግሊዝ ፖሊስና ወታደር ጠበቃቸው፤ በተኩሱ ወደ ሃያ የሚሆኑ መንገደኞች ሞቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በካናዳ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት በግንቦት 2016፣ ከመቶ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት ስሙ ላይ ይታያል። ሚስቶችና ልጆች መግባት የተፈቀደላቸው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ያኔም የመጡት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ካናዳ ውስጥ ሲንግ ከሞላ ጎደል የብቸኛ ወንዶች ስም ነበር፤ የሚወርሰው ሰው ጥቂት ስለነበር ከአንድ ትውልድ ብዙም አላለፈም። ወደ ደቡብ ወርደው ካሊፎርኒያ፣ ኢምፔሪያል ሸለቆ የሠፈሩት ፑንጃባውያን ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ብዙዎቹ የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶችን አገቡ፤ ስፓኛዊ የመጀመሪያ ስም ያላቸው፣ በእናታቸው ሃይማኖት ካቶሊክ ሆነው ያደጉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሲንግ ተባሉ። በሰሜን አሜሪካ ስሙ ከአባት ወደ ወንድም ሴትም ልጅ የተላለፈ የቤተሰብ ስም የሆነው በእነዚህ ቤቶች ነው፤ የስሙ ሃይማኖታዊ ትርጉም ደግሞ በዚያው ቤት ቀርቷል።

ወደ ካናዳ ስንመለስ፣ በጣም የሚገርመኝ የፓልዲ ታሪክ ነው። ማዮ ሲንግ የሚባል ወጣት በ1906 ከሆሺያርፑር መጥቶ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በቫንኩቨር ደሴት ላይ ከባልደረቦቹ ጋር የእንጨት መሰንጠቂያ አቆመ። በዙሪያው የበቀለችው መንደር በትውልድ መንደሩ ፓልዲ ተባለች፤ ሲኮች፣ ጃፓኖች፣ ቻይናውያንና አውሮፓውያን አብረው የኖሩባት፣ የራሷ ጉርድዋራ (የሲኮች ጸሎት ቤት) እና ትምህርት ቤት የነበራት ቦታ ናት። ከማዮ ሲንግ ልጆች መካከል የቤተሰብ ስማቸውን ማዮ ያደረጉ አሉ። የአባት የግል ስም በአዲሱ አገር የልጅ መለያ ሆነ ማለት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም፤ ቶሮንቶ ያሉ የእኛ ሰዎች በየዕለቱ የሚያደርጉት ነው። እመለስበታለሁ።

የመምረጥ መብት በ1947 ተመለሰ። በ1951 ከሕንድ በዓመት 150 ሰው ብቻ የሚያስገባ ኮታ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ 300 ከፍ አለ። እውነተኛው ለውጥ በ1967 የመጣው ነው፤ ካናዳ አመልካቾችን በትምህርት፣ በሙያና በቋንቋ ነጥብ መመዘን ጀመረች፣ የትውልድ አገር መስፈርትነት ቀረ። ያኔ የመጡት ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ ይዘው፣ ዲግሪና ዲፕሎማ ይዘው ነው። የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ የጎሳቸውን ወይም የመንደራቸውን ስም ጻፉበት። ለምን? አንደኛ ነገር የትምህርት ማስረጃና የመሬት ሰነድ ላይ ያለ ስም ነው። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት ሲንግና ካውር ተብለው ሲቀርቡ ባልና ሚስት መሆናቸውን ማስረዳት አድካሚ ነበር፤ ሁለቱም ግሬዋል ሲሆኑ ጥያቄ አይነሣም። ሲንግ ወደ መካከል ገባ፣ ኋላም በአንድ ፊደል ብቻ የሚጻፍ ሆነ።

ይህን ያላስተዋለ ሰው የካናዳን ሲኮች በስም ሊቆጥር ቢነሣ ይስታል። በ1993 በጥምጥሙ ፓርላማ የገባው የመጀመሪያው ሰው ጉርባክስ ማልሂ ነው። በ1997 በፌዴራሉ ካቢኔ ሚኒስትር የሆነው ኸርብ ዳሊዋል፣ በ2000 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፕሪሚየር የሆነው ኡጃል ዶሳንጅ፣ በ2015 የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሃርጂት ሳጃን ናቸው። አንዳቸውም በሲንግ አይታወቁም። በ1981 ቆጠራ ከ67 ሺህ ብዙ ያልበለጡት የካናዳ ሲኮች በ2021 ከ771 ሺህ በላይ፣ ከአገሩ ሕዝብ ሁለት በመቶ በላይ ሆነዋል፤ በብሪቲሽ ኮሎምቢያዋ ሰሪና በኦንታሪዮዋ ብራምፕተን ከአራት ነዋሪዎች አንዱ ገደማ ሲክ ነው። የጊል፣ የሲዱና የዳሊዋል መብዛት የዚህ ማኅበረሰብ ቁጥር አካል ነው፤ ሲንግን ብቻ የሚቆጥር ያን ሁሉ ያጣዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ሲንግ ተብሎ የተቆጠረው ሁሉ ሲክ አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቶሮንቶና አካባቢዋ ከሠፈሩት የጉያናና የትሪኒዳድ ተወላጆች መካከል ብዙ ሲንጎች አሉ። የእነርሱ አያቶች ፑንጃብን አያውቁም። ከግንቦት 1838 አንሥቶ እስከ 1917 እንግሊዞች በኮንትራት ወደ ብሪቲሽ ጉያና ስኳር እርሻዎች ካጓዟቸው 240 ሺህ የሚጠጉ ሕንዶች አብዛኞቹ የዛሬዎቹ የኡታር ፕራዴሽና የቢሃር ሰዎች ናቸው። ባሮች ነፃ በወጡ ማግሥት የመጡ የጉልበት ምትኮች ነበሩ። ሲንግ የነበረው ራጅፑት ወገኑን ይዞ ነው የመጣው፤ ሌላውም በጉዞውና በእርሻው ላይ ያገኘውን ስም ይዞ ቀረ። ከሁለት ትውልድ በኋላ ስሙ እንደ እንግሊዝ ስሞች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባል ወደ ሚስት የሚያልፍ ሆነ። ሂንዱ ሲንግ፣ ክርስቲያን ሲንግ፣ አልፎ አልፎም ሙስሊም ሲንግ አለ። ስለዚህ ቶሮንቶ ውስጥ ሲንግ የምትባል አሮጊት ካገኛችሁ መነሻዋ የጉያና ዋና ከተማ ጆርጅታውን የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ የፑንጃብ ሴት በዚያ ዕድሜ ካውር ናትና። ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ታሪኮች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ስም፣ በአንድ የስታቲስቲክስ ረድፍ ተደረደሩ።

እንግዲህ በ1990ዎቹ የተጀመረው ሌላ ስም ጨምሩ የሚለው አሠራር የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። አመልካቹ ሕንድ ውስጥ ስም ለመጨመር ቃለ መሐላ ይፈርም፣ በጋዜጣ ያስነግር፣ አዲስ ፓስፖርት ይጠብቅ ነበር። ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ሚስት ወይም ባል በሌላው ዓለም ዳርቻ እየጠበቀ ላለ ሰው እያንዳንዱ ወር ከባድ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የተጨመረው ስም ነው። ሰውዬው ምን ይጨምራል? ቅርቡ ያለው የጎሳ ስም ነው። የጎሳ ስም ደግሞ ካስት ይናገራል። አባቱ፣ አያቱ በሲንግ ብቻ የኖሩ ሰው፣ ምናልባትም ከዝቅተኛ ካስት በመሆኑ ያንን ስም እንደ መጠለያ የያዘ ሰው፣ ካናዳ ለመግባት ከየትኛው ወገን እንደሆነ በፓስፖርቱ ላይ እንዲያውጅ ተደረገ። ሰሪ ወይም ብራምፕተን ሲደርስም ያን ስም የሚሰማው የፑንጃብ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እኩልነትን በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረች አገር፣ ለመዝገብ ምቾት ብላ የካስት ምልክት አስለጠፈች። ያሰበበት ሰው እንደሌለ አምናለሁ። አለማሰብ ግን እዚህ ላይ ምክንያት አይሆንም፤ የሚሠሩበትን አገር ሕዝብ ስም ማወቅ የቪዛ ሠራተኛ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መምታታትን መፍራት ምክንያት ነው ቢባል እንኳ ሚዛን አልነበረውም። የቬትናም ሕዝብ ሲሦ ያህሉ ንጉየን ይባላል፤ ኮሪያ ውስጥ ኪም፣ ቻይና ውስጥ ሊ እና ዋንግ አሉ። እነዚህ ስሞች ለካናዳ አይበቁም ተብለው አልተመለሱም። ሰውን ከሰው የሚለየው የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የእናት ስም፣ የመዝገብም ቁጥር ነው። ሕንዳዊው አመልካች እነዚህን ሁሉ አቅርቦ ነበር።

ጃግሚት ሲንግ በ2017 የአዲሱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ሲሆን፣ በካናዳ የፌዴራል ፖለቲካ ትልቅ ፓርቲ የመራ የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ሰው ሆኗል። ቤተሰቡ ዳሊዋል ነው። ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ያን ስም ትቶ በሲንግ ብቻ የቀረበው የጎሳው ስም የካስት ትርጉም ስላለው መሆኑን ተናግሯል። ከ2007ቱ ደብዳቤ አሥር ዓመት በኋላ በቤተሰብ ስምነት አይበቃም የተባለው ስም የአንድ ትልቅ የካናዳ ፓርቲ መሪ ስም ሆኖ ብቻውን ቆመ። ሲንግን መልሶ መያዝ በወጣት ሲኮች ዘንድ እየታየ ነው፤ ሴቶችም ካውርን የመጨረሻ ስማቸው እያደረጉ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የኢትዮጵያ ሕዝብ በአብዛኛው የቤተሰብ ስም የለውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ (ይህ አንዱ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይሰጠዋል፤ ሕዝቡ ግን በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፣ ፓስፖርቱም የአያትን ስም ጨመረ። ሰውዬው ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ሲደርስ ከሦስቱ መጨረሻ ያለው የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ከሐኪም ቤት ሲጠራ የሞቱት አያቱ ይጠራሉ። እዚያ ለሚወለደው ልጅ አባት በአገሩ ወግ የራሱን ስም ሲሰጠው፣ ከአገር ቤት አብሮት የመጣው ታላቅ ልጅ ደግሞ በፓስፖርቱ ያለውን ስም ይዞ ይቀራል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማች በሁለት ስም ይማራሉ። እናትየው ደግሞ በሌላ። በድንበር ላይ የራሷን ልጅ ይዛ ስትጓዝ ስማችሁ ለምን አይመሳሰልም ተብላ የተጠየቀች እናት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር ብዙ አይገኝም።

ልዩነቱ ግን አለ። የእኛ አሠራር ለቢሮ የሚመች የመጨረሻ ስም በራሱ ስለሚያወጣ፣ ጸሐፊው የሚጽፈው አያጣም፤ ስለዚህ ተቃውሞ ሳይነሣ፣ ክርክር ሳይደረግ፣ የአባት ስም በሦስት ትውልድ ውስጥ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊረጋ ነው። ሲኮቹ የተከለከሉት በግልጽ ስለነበር ግልጽ ትግል አደረጉ፤ በየጉርድዋራው ተነጋገሩ፣ ጠበቃ አቆሙ፣ ስሙ ለምን እንደተሰጠ ለልጆቻቸው አስተማሩ። እኛ ዘንድ ውሳኔው በእያንዳንዱ ወላጅ ጓዳ፣ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ፣ ቅጽ የምታስሞላዋ ሠራተኛ ቆማ እየጠበቀች ይወሰናል። በኮሚኒቲ ማኅበሮቻችንና በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በመስጊዶቹም አዳራሽ መነጋገር የሚገባው ጉዳይ ነው፤ ከሲኮቹ የምንማረውም የስሙን ምርጫ ሳይሆን የውይይቱን ልማድ ነው።

የስም ዝርዝር ወሬ ሆኖ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያሳስትም ከሲንግ መማር ይቻላል። ኒውዚላንድ ውስጥ ለተወለዱ ሕፃናት የሚመዘገቡ የቤተሰብ ስሞች ዝርዝር ሲወጣ፣ ሲንግ ለተከታታይ ዓመታት አንደኛ ሆኗል፤ በ2024 ካውር ተከትሎት ስሚዝ ሦስተኛ ነበር። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው አገሩ በአንድ ሕዝብ የተዋጠ ይመስለዋል። በ2023 ቆጠራ የኒውዚላንድ ሲኮች ከ53 ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ናቸው። ዝርዝሩን የሞላው ቁጥራቸው ሳይሆን ሁሉም በሁለት ስም መካፈላቸው ነው። የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሕፃናት ግን በብዙ ሺህ የተለያዩ ስሞች ተበትነዋል። በዚያ ላይ ሲንግ በአብዛኛው ወንዶቹን፣ ካውር ሴቶቹን ነው የሚቆጥረው፤ የአንድ ማኅበረሰብ ልጆች በጾታ ተከፍለው እንደ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ተደርድረዋል።

ነገሩ ገና አላበቃም። በኅዳር 2022 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በፓስፖርታቸው ላይ አንድ ስም ብቻ ያላቸውን የሕንድ መንገደኞች በጉብኝት ቪዛ እንደማትቀበል አየር መንገዶች አሳወቁ። ብዙ ሕንዳዊ፣ ከፑንጃብም ከደቡቡም፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ምንም ሳይጽፍ ሙሉ ስሙን በመጀመሪያው ሳጥን ያሰፍራል፤ ቲኬት ቆርጠው የተዘጋጁ ሰዎች ጉዞ አጠራጣሪ ሆነ። በቀናት ውስጥ ማብራሪያ ተሰጠ፦ በፓስፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ የአባት ወይም የቤተሰብ ስም የተጻፈለት መንገደኛ ያልፋል። የአባት ስም በሕንድ ፓስፖርት ላይ ድሮም ይጻፍ ነበር።